ሲስተር ወርቂቱ ለቅሶ የደረሱ ዕለት

ሱፐርቪዥን መጣ ሲባል የእኛ አገር ሠራተኛ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ጋዋን ይታጠባል፣ መዝገብ ከአቧራው ይራገፋል፣ ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው የግድግዳ ሠንጠረዥ ድንገት ሞልቶ ይገኛል። ከላይ የመጣው ሰው ዞር ዞር ብሎ፣ ነጥብ ሰጥቶ፣ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። እኛም ተንፈስ ብለን ወደ ነበርንበት እንመለሳለን። ስለዚህ “ከእንግዲህ በየአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ዲላ ላይ ሱፐርቪዥን አላችሁ” የተባልን ጊዜ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። እኔማ ንድድ ነው ያልኩት። ሥራው አንሶን ነው እንዴ?

ሰው ሲያለቅስ ሲያዳምጡ የሚውሉ አራት አማካሪዎች ነን። እኔ ሩሃማ ዲላ፣ ፈለቀ ወናጎ፣ ሲፈን ይርጋጨፌ፣ ሙሐመድኑር ደግሞ ጌዴብ ሆኖ እስከ ወርቃ ድረስ ይሠራል። አንድ ፕሮጀክት ቀጥሮን በየጤና ጣቢያው አንዳንድ ክፍል ተሰጥቶናል። ክፍል የተባለው የፈለቀው የክትባት ዕቃ ከሚቀመጥበት በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ነው። የሲፈን ደግሞ የደም ግፊት ከሚለካበት ክፍል ጋር በር ለበር ነው።

በመጀመሪያው ሐሙስ ፈለቀ የፋይል ክምሩን በማዳበሪያ ከረጢት አጭቆ፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ አስጭኖ መጣ። እኛን እንድትከታተል የተመደበችው ሴት በሩ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። ሴት ልበል እንጂ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ናቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺ ብያቸው አላውቅም። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ዣንጥላ ከእጃቸው የማይለይ፣ ቦርሳቸው ሙዝ የማያጣ። ሲስተር ወርቂቱ ይባላሉ።

“ይሄ ምንድነው?” አሉት ከረጢቱን በዣንጥላቸው ጫፍ ነካ አድርገው።

“መዝገብ ነው ሲስተር። እንዲያዩት ብዬ…”

“መዝገብ ምን ያደርግልኛል? ከበሩ ጀርባ አስቀምጠው። እኔ የማየው አንተን ነው።”

ፈለቀ ደንግጦ የሸሚዙን ቁልፍ መነካካት ጀመረ።

ሲስተር ወርቂቱ የተወለዱት ከወናጎ በላይ ባለ ቀበሌ፣ እንሰት መሃል ነው። አባታቸው የሶንጎ ሽማግሌ ነበሩ። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተጣላ የሚያስታርቁበት፣ የበደለ የሚያስክሱበት ቦታ ነው። ሲስተር ከአባታቸው የወረሱት ነገር ቢኖር ይህን ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያውቁም። ነርስ ሆነው ግማሽ ዕድሜያቸውን በአእምሮ ሕክምና ክፍል ሠርተዋል። ሰው “እብድ” ብሎ በገመድ ያሰረውን መፍታት፣ የሸሸውን ቤተሰብ ደጅ ጠንቶ ማምጣት ሥራቸው ነበር። ፀጉራቸው ሸበት ሲል ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብለው ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ፈተና ተቀመጡ። ባለቤታቸው “ጡረታ ሲደርስ ትምህርት?” ብለው ቢያሾፉባቸው፣ “ጡረታ የወጣው ሰውዬ ምን ሠራ?” ብለው እንደመለሱላቸው ራሳቸው ናቸው ያጫወቱን።

አማርኛቸው እንደ ሁላችንም የዲላ አማርኛ ነው፤ በጌዴኦኛ አፍ የፈታ ሰው አማርኛ። ነገር ካልቆጠቆጣቸው ችግር የለውም። ሲናደዱ ግን ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጉታል። “ሩሃማ፣ አንተ ዝም በል!” ከተባልኩ ነገሩ የምር መሆኑን አውቃለሁ።

አሠራራቸው ሲጀመር አልገባኝም። አንዳችን የከበደንን ጉዳይ፣ ስም ሳንጠራ፣ እናቀርባለን። ሌሎቻችን እንጠይቃለን። ምክር መስጠት ክልክል ነው። እንግዲህ አማካሪ ሰብስቦ ምክር መከልከል ዳቦ ቤት ወስዶ ዳቦ እንደመከልከል ነው። ፈለቀ ሁልጊዜ ያመልጠዋል፤ “እኔ ብሆን…” ብሎ ሲጀምር ሲስተር እጃቸውን ያነሳሉ።

“ምክር ከፈለገች ወናጎ ገበያ ትወርዳለች፤ ያየችው ሰው ሁሉ ይመክራታል። አንተ ጠይቃት።”

እሳቸው የሚጠይቁት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው። ስለ ተገልጋዩ ተርከን ተርከን ስናበቃ፣ “ያኔ አንቺ ምን ሆንሽ?” ይላሉ።

“እኔ? ምንም አልሆንኩም።”

“ምንም የማይሆን ሰው የለም። ተኝተሽ ነበር እንዴ?”

በጣም ያበሽቀኝ ነበር። የመጣሁት ስለ ሥራዬ ልናገር እንጂ ስለ ራሴ ልጠየቅ ነው? አንድ ሐሙስ ግን ይህችኑ ጥያቄ ሲደግሙልኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ለካ አንድ አባት ስለ ልጁ ሲነግረኝ የሰማሁትን ነገር ስንት ጊዜ ይዤው ዞሬያለሁ። ማንም አልመከረኝም፣ ማንም “አይዞሽ፣ በቃ” አላለኝም። ዝም ብለው ጠበቁኝ። በማግስቱ ቀሎኝ ሥራ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ሐሙስን የምናፍቀው እኔ ሆንኩ።

ሙሐመድኑርን ደግሞ በስልኩ ነው የያዙት። ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው ጌዴብ ላይ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ከባንኮኒ ጀርባ ያደገ ልጅ ደንበኛ መመለስ አይሆንለትም። ቁጥሩን ላገኘው ሁሉ ሰጥቶ፣ ቡና ማጠቢያው ጋ ተሰልፈው ሳይቀር ይደውሉለታል፤ እሱም ምሳውን ትቶ ያዳምጣል። ከስቶ ነበር። ሲስተር መሃላችን አቁመው፣ “‘አሁን አልችልም፣ ማክሰኞ ና’ በል” አሉት።

“አሁን… ማለቴ ትንሽ ቆይቼ…”

“አይደለም። አልችልም።”

ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። በመጨረሻ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ግን ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

አሁን ወደ ሀቢባ ልምጣ። ስሟ ሀቢባ አይደለም፤ ይርጋጨፌ ያልኩትም አንድ ቦታ ማለት ስላለብኝ ነው።

ሀቢባ የሲፈን ተገልጋይ ነበረች። ከነጋዴ ቤተሰብ የተዳረች፣ ባሏ አይሱዙ የሚነዳ፣ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ያላት። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ሞቶባት፣ ከዚያ በኋላ ሰው መሆን አቃታት። ትልቋን ልጇን ማጠብ፣ ማብላት እንኳ ተሳናት። ወደ ሲፈን የመጣችው ለቤቱ “ደም ግፊቴን ልለካ ነው” ብላ ነው። ገና ከመቀመጧ ለሲፈን የነገረቻት የልጇን ሞት አልነበረም። “አበደች ከተባልኩ ልጄን ይወስዱብኛል” ነው ያለችው። በባሏ ወገን አንዲት አክስት እንዲያ ተብላ፣ ልጆቿ በየዘመዱ ተበትነው ቀርተዋል። ሀቢባ የፈራችው ይህን ነው፤ ከሞት ይልቅ ይህን።

ሲፈን ጉዳዩን ለእኛ አቀረበች፤ ከሐሙስ ሐሙስም የሴትዮዋን ነገር ተከታተልን። መልኳን ሳናውቅ ወደድናት። “ልጇን አጥባ፣ አስጊጣ፣ እስከ ሱቅ ይዛት ሄደች” ስትለን ፈለቀ አጨበጨበ። አማቷ፣ ወይዘሮ ሳዕዳ ልበላቸው፣ ምንም አያውቁም፤ ቀስ በቀስ የደም ግፊት መድኃኒቱ ሠራላት ይላሉ። እኛም እንደ ልጆች በምሥጢሩ እንስቃለን።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ሲፈን ከይርጋጨፌ እያለቀሰች መጣች። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

“ባሏ ሞተ። መኪናው ተገልብጦ። ትናንት ቀበሩት።”

ሲፈን ወንበሩ ላይ ተደፍታ ትንሰቀሰቃለች። ሲስተር ወርቂቱ ትንሽ ተቀምጠው አዩአት። ከዚያ ዣንጥላቸውን አነሱ።

“ተነሱ፤ ለቅሶ እንድረስ።”

እውነቱን ልናገር፤ ማንም ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም። የሲፈን ሐዘን የባልደረባ ሐዘን ነው። በእኛ አገር የመሥሪያ ቤት ሰው ሐዘን ሲደርስበት ሌላው ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ተቀምጦ መቅረት ነው ነውሩ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሰው አይቆጠርም፣ አይጣራም፤ አራት አምስት ሰው ቢጨመር ማን ልብ ይለዋል? ሙሐመድኑር ብቻ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አየሁት፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም።

ብልጦች ነን ብለን የፕሮጀክቱን መኪና ከቤቱ ራቅ አድርገን አቆምን። በሩ ላይ “የአእምሮ ጤና” የሚል ጽሑፍ አለዋ! መኪናውን ደበቅን። የሲስተር ወርቂቱን ፊት መደበቅ እንዳለብን ግን ለማናችንም ትዝ አላለንም።

ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ቀሩ። ሲስተር፣ ሲፈንና እኔ ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል ገባን። ሀቢባ ፍራሽ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሲፈንን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ከኋላዋ እኛን አየችና ግራ ገባት። “ሶብሩን ይስጣችሁ” ብለን ዳር ይዘን ተቀመጥን። ነገሩ ደህና ይመስል ነበር።

ውኃ የምታድል አንዲት ሴት ሲስተር ፊት ስትደርስ ጣሳው ከእጇ ሊወድቅ ሆነ።

“ሲስተር ወርቂቱ! እኔን! እርስዎ ነዎት?” ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ “ልጄን ያዳኑልኝ ናቸው! ዲላ፣ የአእምሮ ሕክምና… ታስሮ ያመጣሁትን ልጅ በእግሩ እየሄደ የመለሱልኝ!” እያለች ተናገረች። ምስጋናዋ ከልብ ነው። ለቅሶ ቤት መሆኑን እስክትረሳ ድረስ መረቀቻቸው።

ወይዘሮ ሳዕዳ ቀስ ብለው ሲስተርን አዩ፤ ከዚያ ሲፈንን፤ ከዚያ ምራታቸውን።

“እንኳን መጣችሁ” አሉ። “ለማን ብላችሁ መጣችሁ?”

“ለሟቹ” አሉ ሲስተር።

“ታውቁት ነበር?”

ሲስተር ወርቂቱ ውሸት አይችሉበትም። ሀቢባ ጭኗ ላይ ያለችውን ልጅ ሳብ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጨመቀቻት። ልጅቷ “እማ፣ አመመኝ” አለች።

ተነስተን ወጣን።

ሀቢባ በቀጠሮዋ ማክሰኞ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ይርጋጨፌ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው ለሲፈን ለመድረስ ብዙ አልፈጀበትም። የሟቹ ወንድም ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ “ልጅቷን ወስደን እዚያ እናስተምራት፤ እናትየው ጤናዋም ያን ያህል ነው አሉ” እያለ ነው ተባለ።

በተከታዩ ሐሙስ ስንገናኝ ሲስተር ወርቂቱ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ተነስተው፣ ጉዳይ የሚያቀርብ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሙዝም አላወጡም።

“ዛሬ ጉዳይ የማቀርበው እኔ ነኝ” አሉ። “አንዲት ሴት ምሥጢሯን አምናን ሰጠችን። እኔ ይዤአችሁ ሄጄ ቤቷ ውስጥ በተንኩባት። ልጇ ልትወሰድባት ነው። ጠይቁኝ።”

እንዴት ነው የሚጠየቁት? ፈለቀ ጉሮሮውን ጠረገ። “ሲስተር፣ እርስዎ ምን ያድርጉ? ሐዘን ነው። ለበጎ አስበው ነው።” እኔም ተከትዬ፣ “ጥፋቱ የዚያች ውኃ የምታድል ሴትዮ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንደዚያ ይጮኻል?” አልኩ። ሲፈን ደግሞ፣ “እኔ እያለቀስኩ ባልመጣ ኖሮ…” ብላ ሁሉንም ወደ ራሷ ልትወስድ ሆነ። ሁላችንም ትልቅ ሰው ከምናሳፍር እርስ በርሳችን ብንነካከስ ይሻለናል።

ሲስተር እጃቸውን አወዛወዙ። “እሺ፣ እሱን ተዉት። መፍትሔውን ልንገራችሁ። ሁለት ሽማግሌዎች አነጋግሬያለሁ። አንዱ እዚያው ያሉ፣ ቤተሰቡ የሚያከብራቸው ሐጂ ናቸው። አንዱ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። ቅዳሜ ይዣቸው ወደ ወይዘሮ ሳዕዳ እሄዳለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ምራታቸው ጤነኛ መሆኗን በአፌ እመሰክራለሁ። ሽማግሌ ፊት ልጅ የሚነጥቅ የለም።”

ፈለቀ “በቃ! ይሄ ነው!” ብሎ ጭኑን መታ። ሲፈን ፊቷ በራ። እኔም ቢሆን ደስ አለኝ። ነገር ሲበላሽ ሽማግሌ ይላካል። ሌላ ምን አለ?

“ሀቢባን ማን ጠየቃት?”

ሙሐመድኑር ነው።

“ምን?” አሉ ሲስተር።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲስተር። ሽማግሌ እንዲሄድላት ፈልጋለች ወይ? ማን ጠየቃት?”

“ልጇን ሊወስዱባት ነው እያልኩሽ!” አሉት። ወንዱን ሴት አደረጉት፤ ሳቅ ግን ያሰበ አልነበረም። “ቁጭ ብዬ ልይ?”

“ስትመጣ የለመነችን አንድ ነገር ነው፤ ማንም እንዳይሰማ። ባለፈው ሳንጠይቃት ቤቷ ገባን። አሁን ደግሞ ሳንጠይቃት ሽማግሌ ይዘን ልንገባ ነው። እስካሁን የጠረጠረው ቤቱ ነው። ሽማግሌ ከሄደ ከተማው ነው የሚያውቀው። እርስዎ ‘ጤነኛ ናት’ ብለው ሲመሰክሩ ታማ እንደነበረ እየመሰከሩ ነው።”

“እሷ መጥታ ካልነገረችንስ?”

“ኢዳ ላይ ናት። የባሏን ሐዘን እስክትጨርስ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ከመጣች ተደብቃ አይደለም የምትመጣው፤ ለቤቱ ተናግራ ነው። ያንን መናገር ያለባት እሷ ናት። ወይም ያለመናገር።”

“እኔስ? እኔ ምን ላድርግ?”

ሙሐመድኑር ጣቶቹን ጨበጠ። “ቁጭ ይበሉ ሲስተር።”

ትልቅ ሰውን፣ አስተማሪን፣ የእናት ያህል ሴትን “ቁጭ ይበሉ” ማለት! ፈለቀ ወለሉን አየ። እኔ ሙሐመድኑርን ጥፊ ባቀምሰው ደስ ባለኝ። እሱ ግን አልጨረሰም።

“አንድ ልጠይቅዎት። ያን ቀን ሲፈን ስታለቅስ፣ እርስዎ ምን ሆኑ?”

ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች “ሐዋሳ! ሐዋሳ!” እያሉ ይጣራሉ። ሲስተር ወርቂቱ ዣንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡ።

“ማየት አልቻልኩም” አሉ በመጨረሻ። “እንደዚያ ስትሰበር አይቼ መቀመጥ አልቻልኩም። እናንተን ስንት ጊዜ ‘ቁጭ በሉ፣ ጠብቁ’ ብያችኋለሁ። እኔ ተነስቼ መሄዱ ቀለለኝ። ለሀቢባ ብዬ አልነበረም የሄድኩት። ለሲፈንም አልነበረም። ለራሴ ነው።”

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ማንም “አይዞዎት” አላለም። እሳቸው ያስተማሩን ይህንኑ ስለሆነ ዝም ብለን ጠበቅናቸው። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው፣ እዚያው ፊታችን፣ መጀመሪያ ለሐጂው፣ ቀጥሎ ለአባታቸው ወዳጅ ደወሉ። እሺ ያለ ሽማግሌን “ይቅር፣ አይሄዱም” ማለት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ምክንያት ሲጠየቁም ምክንያት መናገር አይችሉም። “እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅር ይበሉኝ” ብቻ እያሉ ዘጉ።

ስንወጣ ሙሐመድኑርን ደጅ ላይ ያዝኩት። “ልጅቷ ብትወሰድ በአንተ አንገት ነው” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለኝ።

ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነው። መጠበቅ ሥራ አይመስልም፤ ደመወዝ የሚበላ ሰው ሲጠብቅ ደግሞ ስንፍና ይመስላል። ሲፈን በሀቢባ ሰዓት ሌላ ሰው ሳትቀጥር፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀመጣለች። በር ለበር ካለው ክፍል የደም ግፊት መለኪያው ሲነፋ ይሰማታል። ሰው ኮሪደሩ ላይ ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። ሲስተርም በየማክሰኞው ከሰዓት ለሲፈን ይደውሉና ስለ ዝናቡ ጠይቀው ይዘጋሉ።

አንድ ሐሙስ ሲፈን ስትገባ ፊቷን አይተን ሁላችንም ተነሳን።

“መጣች” አለች። “ብቻዋን አይደለም። አማቷ በር ድረስ ሸኝተዋት ውጭ ወንበሩ ላይ ጠበቋት።”

ፈለቀ “ተመስገን!” አለ። “ምን አለች? ልጅቷስ?”

ሲፈን አልመለሰችለትም። ወደ ሲስተር ወርቂቱ ዞረች። “አንድ ነገር አስጠንቅቃኛለች። ‘ከአንቺ ጋር እቀጥላለሁ፤ ለእነዚያ ሰዎች ግን ስለ እኔ አንድም ነገር እንዳትነግሪያቸው’ ብላለች። እሺ ብያታለሁ።”

“ልጅቷን ብቻ ንገሪን” አልኩ እኔ። “ሌላ አንጠይቅሽም። ተወሰደች? አልተወሰደችም?”

ሲፈን አፏን ከፈተች። ሲስተር ወርቂቱ እጃቸውን አነሱ።

“አትመልሺ” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “ሩሃማ፣ አንተ ዝም በል!”

ዝም አልኩ። ስንት ሐሙስ አብረናት የኖርናት ሴት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከክፍላችን ወጣች። አሁን ስናስበው ትክክል ናት። ያን ጊዜ ግን የራሴን ዘመድ እንዳላይ የተከለከልኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ሲስተር በሥራው ላይ ሁለት ነገር ለወጡ። አንደኛ፣ ማናችንም ተገልጋዩን ሳናስፈቅድ ጉዳዩን ወደ ሐሙስ አናመጣም። “አይሆንም” ካለ አይሆንም ነው። ሁለተኛ፣ የቀድሞ አስተማሪያቸውን ሐዋሳ ፈልገው አገኙ። ሲፈንን በሀቢባ ጉዳይ የሚያወያዩአት፣ ከተማውንም ሰዎቹንም የማያውቁት እኚህ አስተማሪ ሆኑ። ራሳቸው ሲስተርም በየወሩ ሐዋሳ እየሄዱ ቁጭ ይላሉ። “እኔንም የሚጠይቀኝ ሰው ያስፈልገኛል። እናንተ ትፈሩኛላችሁ” አሉን። ፈለቀ “ኧረ አንፈራዎትም” ብሎ ሲምል ከሙሐመድኑር በስተቀር ሁላችንም አፈርን።

ይህን ልጽፍ ስነሳ ሲስተር መጀመሪያ ያሉኝ “አስፈቅጂ” ነው። ሀቢባ በሲፈን በኩል ተጠየቀች። “ስሜን፣ የባሌን ሥራና ከተማዬን ትለውጥ፤ ስለ አለቃችሁ ትጻፍ” ብላለች። ስለ ልጅቷ ግን ለሲፈን የነገረቻትን ሲፈን እስከ ዛሬ አልነገረችንም።

የዘንድሮ ቡና ለቀማ ሲጀመር ከሲስተር ጋር ጌዴብ ሄደን ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ይርጋጨፌ ላይ ሰው ለመጫን ቆመ። ሲስተር በመስኮቱ በኩል ነበሩ፤ መስኮቱ ተከፍቷል። ረዳቱ “ዲላ አንድ ሰው! ዲላ አንድ ሰው!” ይላል። ያኔ አየኋት። ጥቁር ለብሳ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ በእጇ ይዛ፣ በመንገዱ ዳር ወደ እኛ ትመጣለች።

ሲስተር ወርቂቱ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ የሚሳለሙ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ዲላ ገበያ መውጣት ግማሽ ቀን ይበላል። ሀቢባ መስኮቱ ስር ስትደርስ ቀና ብላ አየቻቸው። እጃቸውን ቢዘረጉ ልጅቷን ይነኳታል። አልዘረጉም። አንገታቸውን ሰበር እንኳ አላደረጉም። ዓይናቸውን ወደ ዣንጥላቸው መልሰው፣ እስክታልፍ ድረስ እጀታውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ያዙ። ሀቢባ አለፈች። ልጅቷ ስለ አንድ ነገር እየጠየቀቻት፣ እሷም ጎንበስ ብላ እየመለሰችላት፣ አለፉ።

መኪናው ተነሳ። ሲስተር ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ “ሩሃማ፣ ማንንም አላየንም” አሉኝ።

“ማንንም አላየንም ሲስተር።”

ወናጎ እስክንደርስ ድረስ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርድ ነበር፤ አልጠረጉትምም። ወናጎ ላይ ተሳፋሪ ሲወርድ ጠጋ አሉኝና በጆሮዬ፣

“አድጋለች ግን፣ አይደል?” አሉኝ።